የፓንችና ጁዲን ጨዋታ በጁዲ ዓይን ወደ አጭር ፊልም እንዴት መቀየር ይቻላል

ፓንችና ጁዲ እንደ ጓንት እጅ ላይ በሚጠለቁ አሻንጉሊቶች የሚታይ የእንግሊዞች የአደባባይ ጨዋታ ነው፤ ሥሩ ጣሊያን ነው። ፓንች ሕፃኑን ይወረውራል፣ ለምን ያለችውን ሚስቱን ጁዲን በዱላ ይገድላል፣ ፖሊሱንም ይደበድባል። ሰው ደግሞ ይስቃል። ፊልሙ መያዝ ያለበት ይህንን ሳቅ ነው።

መጀመሪያ እጅ ይቀይሩ። በልማዱ ፓንች ከአጫዋቹ ቀኝ እጅ አይወልቅም፤ ሌሎቹ በግራ እጅ ተራ በተራ መጥተው ተመትተው ይወርዳሉ። ጁዲ ካልወረደች ፖሊሱ የሚወጣበት እጅ የለም። ስለዚህ ቀኝ እጅዎን ለጁዲ ይስጡ፤ መጥቶ ሂያጁ ፓንች ይሁን።

ከዚያ ጭንቅላቷን በጭቃ ይቅረጹ፣ ቁመቱ 10 ሳ.ሜ. ይሁን። አፏ የተገጠመ፣ የዓይኗ ጉድጓድ 1 ሳ.ሜ. ያህል የጠለቀ ይሁን። ፊቷ ስለማይንቀሳቀስ ስሜቷን የሚለውጠው መብራት ነው፦ ከላይ ሲበራ ዓይኗ ይጨልማል፣ ከጎን ሲበራ ይገለጣል። ጭቃውን በስስ ፌስታል ይጠቅልሉ። 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ4 ኩባያ ውሃ አጥሚት እስኪመስል አፍልተው ያቀዝቅዙ፤ በጣት ስፋት የተቀደደ ጋዜጣ እየነከሩ 6 ድርብ ያልብሱት። በየሁለት ድርቡ አንድ ሌሊት ይደር። በአንዴ ከደረቡት ውጩ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል። ሲደርቅ ከጆሮ እስከ ጆሮ በምላጭ ሰንጥቀው ጭቃውን ያውጡና በኮላ መልሰው ይግጠሙ። አንገቷ ውስጥ የካርቶን ቱቦ ይግባ፤ ሌባ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ጠበቅ ብሎ ይያዝ። ከላላ ጭንቅላቷ ይወዛወዛል፣ ሐዘኗም ቀልድ ይሆናል።

ቀሚሷ ከአቡጀዴ ይሰፋ፤ አውራ ጣትና መሃል ጣት እጆቿ ናቸው።

ከኋላ ጥቁር የጥጥ ጨርቅ ይስቀሉ፤ ሳቲን ያብለጨልጫል። ስልክ ጥቁር ሲበዛበት ብርሃን ይጨምርና ጨርቁ ግራጫ ይሆናል፤ ፊቷን ተጭነው ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ። ኢትዮጵያም አውሮፓም መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይጠቀሙ፤ አሜሪካ ያላችሁ 30 ፍሬምና 1/60። አለዚያ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል።

ድምፅ ላይ አይቸኩሉ። የፓንች ዱላ ሁለት ስስ ጣውላ ነው፤ እርስ በርስ ሲጋጩ ይጮኻል እንጂ አያምም፣ ሰው የሚስቀውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ትዕይንት ላይ ጩኸቱን እንዳለ ይተዉት። ዱላው ጁዲ ላይ ሲያርፍ ግን ያጥፉትና በምትኩ እርጥብ ፎጣ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ የሚሰማውን ያስገቡ። ሕፃኑ ሲወረወር አይታይ፤ መጠቅለያው ብቻ ይውደቅ።

መጨረሻው ላይ ብዙዎች ዱላውን ለጁዲ ያቀብላሉ። ያ የተደብዳቢ ለውጥ ብቻ ነው። ዱላው መድረኩ ላይ ተጋድሞ ይቅር። ፓንች ከግራ እጅዎ ሲወልቅ ካሜራው እርስዎን ከሚሸፍነው የፊት መጋረጃ በታች ገብቶ ባዶ እጅዎን ያሳይ። ከዚያ ባዶው የፓንች ጓንት የመድረኩ ጠርዝ ላይ፣ ጁዲ ከጎኑ፤ 10 ሰከንድ ሳይቆረጥ።