አዲስ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ይመርምሩት

ጎንደር ውስጥ ዝቅ ያለች ስፖርታዊ መኪና የያዘ ሰው ከዘመድ ቤት ይልቅ ጎሚስታ ቤት ይመላለሳል። የእኔዋ ባለ17 ኢንች ቸርኬ ቢኤምደብሊው ናት፤ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለው ጉድጓድ ሁሉ ያውቃታል። ድሮ ጎማ ባለቀ ቁጥር “ያንኑ ቁጥር አምጣልኝ” እል ነበር፤ አዲሱም በአሮጌው ሞት ይሞት ነበር። አሁን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት አሮጌውን አስፈትቼ፣ መሬት ላይ አስተኝቼ አየዋለሁ።

ከውጭ ደህና ይመስላል፣ በውስጥ በኩል ግን አልቋል

ይህን ቆሞ የሚያየው የለም። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ እጅዎን ወደ ጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ሲያስገቡ ነው የሚታወቀው፤ እኔ ያወቅሁት የሽቦ ጫፍ ጣቴን ሲወጋኝ ነው። ስፖርታዊ መኪኖች መታጠፊያ ላይ እንዲይዙ ተብሎ ጎማቸው ከላይ ወደ ውስጥ ትንሽ ጋደል ብሎ ይሠራል። ጉድጓድ የእግሩን አቅጣጫ ሲያዛባው ሸክሙ ሁሉ በውስጡ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። መፍትሄው አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የእግሩ መገጣጠሚያዎችና ላስቲኮች መላላታቸው ይታይ፤ በላላ እግር ላይ የተሠራ አላይመንት ሳምንት አይቆይም።

ሁለቱ ጠርዞች እኩል ካለቁ ነፋስ አንሷል፤ መሐሉ ብቻ ካለቀ በዝቷል። እኛ ዘንድ የሚበዛው ሁለተኛው ነው፤ ጎሚስታው “መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ጠንከር ይበል” ብሎ እስከ 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይሞላዋል። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ወደ መተማ ለሚወርዱ አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ቆላው ላይ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ያህል አንሶ ያሳያል፤ ሙቀቱ ደግሞ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። በግምት ስለሚጣጣሉ ከመንገድ በፊት ማስጨመርም ማስቀነስም አያስፈልግም።

ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቷል

ጉድጓዱ ጎማውን ከቸርኬው ጠርዝ ጋር አጣብቆ የውስጥ ክሮቹን በጥሶታል ማለት ነው። አይጠገንም። “ወደ ኋላ እናዙረውና ትንሽ ይሂድ” የሚልዎትን ሰው አይስሙት፤ በፍጥነት ላይ የሚፈነዳው ይኸው ነው።

ጎማ መምረጥ የሚጀምረውም እዚህ ነው። የእኔው 225/45 አር 17 ይላል፤ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ኢንች ነው። ስለዚህ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ያለው ላስቲክ 101 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 205/55 አር 16 ቢሆን ወደ 113 ይደርሳል። የሁለቱ ጎማዎች ጠቅላላ ቁመት ግን 634 እና 632 ሚሊ ሜትር ነውና ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ልዩነቱን አያውቀውም።

ስለዚህ ምክሬ ለብዙ የመኪና ወዳጆች ቢመርርም ይኸው ነው፦ ለኮብልስቶን መንገድ ቸርኬውን በአንድ ኢንች ያሳንሱ። መታጠፊያ ላይ የመሪው ስልነት ትንሽ ይቀንሳል፤ አልክድም። ሆኖም ፋሲል ግንብ ዙሪያ በ30 ለሚነዳ ሰው ስልነቱ ምን ይሠራለታል? የሚጠነቀቁት ለፍሬኑ ነው፤ የፊት ፍሬኑ ትልቅ የሆነ መኪና ትንሹን ቸርኬ አያስገባም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቸርኬው ገጥሞ በእጅ ሲሽከረከር ምንም አለመንካቱን ይዩ።

መኪናዎ ነፋስ ሳይኖረውም የሚሄደውን ራን ፍላት የሚባለውን ጎማ ይዞ የመጣ ከሆነ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ወገብዎ ያስተላልፋል። ወደ ተራው ጎማ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን እነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ስኮርታ የላቸውምና አንድ ስኮርታና ክሪክ አብረው ይግዙ።

ጥርሱ አላለቀም፣ በክረምት ግን ይንሸራተታል

ይህ እኔን ያስከፈለኝ ነው። ባለፈው ጥር ፀጉሩ ያልረገፈ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ ገዛሁ። ሻጩ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን 2318 በጣቱ እያሳየኝ “18 ይላል፣ የዘንድሮ ነው” አለኝ፤ ዓመቱ በእኛ 2018 ነበርና አመንሁት። የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር ከጎሃ ሆቴል ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ እንደ ሸርተቴ ሄደች። ለካ ቁጥሩ የሚነበበው በፈረንጆቹ ነው፤ የ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፣ በእኛ የ2010 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ። ወደ ስምንት ዓመት መጋዘን የከረመ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይደርቃል፤ ጥፍር ሲጫኑበት አይሰጥም፣ በጥርሶቹ ሥር ቀጫጭን ስንጥቅ ይታያል።

መፍትሄው ከመክፈል በፊት ነው። አራቱን አኃዝ ይፈልጉ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። በአንዱ ጎን ካላገኙት ጎማውን ይገልብጡት፤ የሚጻፈው በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ ከሦስት ዓመት በላይ የሆነውን አልወስድም። ያገለገለ ጎማ ሲገዙም ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ካለበት ይተዉት፤ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፣ የእኛ ፀሐይ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ጥርሱ በእርግጥ ያለቀ ከሆነ ደግሞ በቦዮቹ መካከል ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች ይዩ። ላስቲኩ ከእነርሱ ጋር ሲተካከል የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለጎንደር ክረምት ያ በጣም ትንሽ ነው፤ 3 ሲደርስ ይቀይሩ።

ከ80 በላይ ሲነዱ መሪው ይንቀጠቀጣል

ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን) ያሠሩ። ካልተወ ቸርኬው ተጣሟል፤ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር በዓይን ይታያል።

ሁለት ጎማ ከተቀየረ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ አልጠፋም

የአዲሶቹ ቁመት ከአሮጌዎቹ ተለይቷል፤ ኮምፒውተሩ የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት ሲዞር እያየ “ተንሸራተተ” ይላል። በአራቱም እግር ለሚነዳ መኪና ደግሞ ይህ ማርሹንም ይጎዳል፤ አራቱን በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። ሁለት ብቻ የመግዛት አቅም ካለ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ብዙ ሰው ከፊት ያስገባል፤ በዝናብ ኋላዋ የሸሸችን መኪና ግን በመሪ መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ጎኑ ላይ ከመጠኑ (225/45 አር 17 ከሚለው) ቀጥሎ ያለውም ይነበብ፦ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ ቪ ፊደል እስከ 240፣ ደብልዩ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ፍጥነቱን ባይነዱትም ከፋብሪካው ቁጥር በታች አይውረዱ። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ጎማው በቀስቱ አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ጎሚስታው ሲቸኩል ይገለብጠዋልና አጠገቡ ይቁሙ።

አዲሱ ጎማ ለመጀመሪያዎቹ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ያንሸራትታል፤ ረጋ ይበሉ። ብሎኖቹንም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግመው ያስጠብቁ። እኔ ማክሰኝት ድረስ ደርሼ ስመለስ በራሴ ቁልፍ አጠብቃቸዋለሁ፤ ከአምስቱ አንዱ ሁልጊዜ ሩብ ዙር ይቀበላል።