ፊተኛው ጎማ አልጎትት ሲል፦ የኤቲቪ ችግርና መፍትሄ በየአምራቹ

«የማንን ልግዛ? የማይበላሸው የቱ ነው?» ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የምሠራው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ፣ ኤቲቪ ማለትም ባለ አራት ጎማ ሞተር በሚጠገንባት አንዲት ትንሽ ጋራዥ ነው። እዚህ ኤቲቪ የሥራ መሣሪያ ነው። በበረዶ ወራት መንገድ ይጠርጋል፣ በአደን ወቅት ረግረግ ያቋርጣል፣ ማገዶ ይጎትታል። ኤቲቪ አምራቹ ፖላሪስ በፈረንጆቹ 1954 የተመሠረተው በዚሁ ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ ሮዞ በምትባል ከተማ ነው። ሌላው አምራች አርክቲክ ካትም የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ስለዚህ ሰዉ ብራንዱን የሚደግፈው እንደ ኳስ ቡድን ነው።

እኔ ጥያቄውን መልሼ እጠይቃለሁ፦ ሲበላሽ የቱ ጋ ነው የሚበላሸው? ሆንዳ በ1986 በአራቱም ጎማ የሚነዳ ኤቲቪ ለአሜሪካ ገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ እያንዳንዱ አምራች ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርስበትን መንገድ በራሱ መርጧል። የሚታመሙበት ቦታ የተለያየውም ለዚህ ነው። እስቲ ከምልክቱ እንነሳ።

አራቱንም አስገብቻለሁ፣ ፊቱ ግን አይጎትትም

ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የኋላ ጎማዎች ጭቃ ይረጫሉ፣ የፊቶቹ ቆመዋል። ወዲያው የሚጠረጠረው የፊት ዲፈረንሻል፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን፣ ነው። እሱ ደግሞ ውድ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ጋሼ ኤቲቪያቸውን በፒክአፕ ጭነው መጡ። ሌላ ጋራዥ «ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» ብሏቸዋል። በክሪክ አነሳሁት። የፊት ጎማውን በእጄ አዞርኩት፤ ለስለስ ብሎ ዞረ፣ የሚፈጭ ድምፅ የለም። ዘይቱን በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ የብረት ብናኝ የለውም። ከዚያ ሽቦውን ተከተልኩ። መሪው ሥር፣ ሽቦው ሲጠመዘዝ ከብረቱ ጋር በሚፋተግበት ቦታ፣ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ተበጠሰ። በካውያ ቀጠልኩት፣ ሸፈንኩት፣ ከብረቱ አርቄ አሰርኩት። «ይሄው ነው?» አሉኝ። «ይሄው ነው ጋሼ» አልኳቸው። ዲፈረንሻሉ ዛሬም ያው የድሮው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ፊውዝ፣ ከዚያ አራቱን ጎማ የሚያስገባው ማብሪያ፣ ከዚያ ሽቦና ሶኬት፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ የጎማ ልክ። ብረት የሚፈታው በመጨረሻ ነው።

ከዚህ በኋላ በየአምራቹ ይለያያል።

ፖላሪስ ላይ የፊት ጎማዎች የሚይዙት የኋላዎቹ ሲንሸራተቱ ነው። ፊት ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ትናንሽ ሮለሮች አሉ። ማብሪያውን ስትጫኑ መግነጢስ ይሠራል፣ የሮለሮቹን መያዣ ወደ ኋላ ይስባል፣ ሮለሮቹ በሁለት ብረቶች መሃል ይቀረቀሩና ጎማውን ይይዙታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ለሥራው በተዘጋጀ ስስ ፈሳሽ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ወፍራም የማርሽ ዘይት ከተጨመረ ሮለሮቹ ይዘገያሉ ወይም ጭራሽ አይይዙም። አንድ ሰው ለመቆጠብ ብሎ ያገኘውን ዘይት ያፈሳል፣ ከዚያ «ፖላሪስ አይረባም» ይላል። ፈሳሹን አፍስሱ፣ አጥቡ፣ ትክክለኛውን ሙሉ። መግነጢሱን በቴስተር ለኩ፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ወደ 24 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል። ሌላም አለ፦ ሞተሩ ከፍ ብሎ እየጮኸ ማብሪያውን ብትጫኑ ብዙ ሞዴሎች ላይ አይገባም። በደቂቃ ከ3100 ዙር በታች እስኪወርድ ይጠብቃል። ጭቃ ውስጥ ነዳጅ ረግጦ ማብሪያ የሚደበድብ ሰው ብልሽት ይመስለዋል። እጃችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ አስገቡ፣ ከዚያ ሂዱ።

ያማሃ ላይ ዲፈረንሻሉ ላይ የተቀመጠ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፣ ማርሹን እሱ ነው የሚገፋው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ማርሾቹ ገና አልተገናኙም ማለት ነው። መሪውን አቅኑ፣ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ በሉት። ብዙ ጊዜ ይገባል። አሁንም ካልገባ የማብሪያውን ሶኬት ክፈቱ፤ ዝገት ወይም ውኃ ታገኛላችሁ።

ካን አም ላይ ቪስኮ ሎክ የሚባል አሠራር በብዛት አለ። አንደኛው የፊት ጎማ ከሌላው ሲፈጥን ውስጡ ያለው ወፍራም ፈሳሽ ግፊት ይፈጥርና ሁለቱን ያያይዛል። ጎማው ትንሽ ከተሽከረከረ በኋላ ነው የሚይዘው። ይህ ተፈጥሮው ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ዲፈረንሻል ያስፈቱ ሰዎች አሉ። ሲገባም ቆሞ ነው የሚገባው፤ እየነዱ ማስገባት ማርሹን ይበላዋል።

የጎማ ልክ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ሜትር አምጡና የፊቱንና የኋላውን ዙሪያ ለኩ። ፖላሪስ ላይ ለምሳሌ የኋላው ጎማ አልቆ ከፊቱ ካነሰ፣ የኋላው ሁልጊዜ ስለሚፈጥን ሲስተሙ «ተንሸራተተ» ብሎ ያምናል። ደረቅ መሬት ላይ ሳይቀር ፊቱ ይይዛል፣ መሪው ይከብዳል። የፊቱ ካለቀ ደግሞ ዘግይቶ ይይዛል። ሁለት ጎማ ብቻ እየቀየሩ፣ ያውም ከሌላ ብራንድ፣ ዲፈረንሻል መውቀስ አይገባም።

የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ አይሄድም

ይህ ቺንጋ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈው የላስቲክ ቀበቶ። ፖላሪስ፣ ካን አም፣ የሱዙኪው ኪንግኳድ፣ ሲኤፍሞቶ፣ ያማሃ ሁሉም ጉልበት የሚያስተላልፉት በቺንጋ ነው። አብዛኛው የሆንዳ የሥራ ኤቲቪ ግን በማርሽ ነው። ሆንዳ በጥንካሬ ስሙ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የሚቃጠል ቺንጋ የለውም።

በቺንጋ ከሚሠሩት መሃልም ልዩነት አለ። እንደ ፖላሪስ ባሉት ላይ ቺንጋው ራሱ የፍሪሲዮንን ሥራ ይሠራል። ነዳጅ ስትሰጡት ፑሊው ቆሞ የነበረውን ቺንጋ ጨምቆ ያስነሳዋል። ከኋላ ከባድ ነገር ከተጎተተ፣ ወይም የበረዶ መጥረጊያው ከተቆለለ በረዶ ጋር ከተፋጠጠ፣ ፑሊው ቺንጋው ላይ እየተንሸራተተ ያቃጥለዋል። ያማሃ ቺንጋውን ሁልጊዜ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ መነሻውን የሚችለው ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ነው። ለዚህ ነው በረዶ ለሚጠርግ ሰው ያማሃን የምመክረው።

መፍትሄው ከእጃችሁ ነው። በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር በታች ስትሄዱ፣ ስትጎትቱ፣ ስትጠርጉ፣ ከባድ ዳገት ስትወጡ ሎው (ዝቅተኛው ማርሽ) ላይ ይሁን። ይህን ብቻ ያደረገ ሰው ቺንጋው ለዓመታት ያገለግለዋል። ውኃ አቋርጣችሁ መንሸራተት ከጀመረ አታስገድዱት። የቺንጋው ሳጥን ታች ላይ ማፍሰሻ አለ፣ ክፈቱት። በዜሮ ማርሽ ሞተሩን ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ ንፋሱ ውኃውን ያወጣዋል።

ቺንጋ ስትቀይሩ አሮጌውን አትጣሉ፣ አንብቡት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወገቡ ከቀጠነ፣ ቆሞ እያለ ነዳጅ ተሰጥቶታል። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ሲንሸራተት ከርሟል። ክሩ ከተተረተረ ደግሞ ፑሊው ራሱ ተበልቶ ወይም ከመስመሩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሳይስተካከል አዲስ ቺንጋ ብታስገቡም ያንኑ ታገኛላችሁ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የቀለጠውን ላስቲክ ከፑሊው ላይ አጽዱ፣ የአየር መግቢያውንም እዩ። እዚያ ውስጥ ሣርና የአይጥ ጎጆ አግኝቻለሁ።

ማርሹ በቁልፍ አልገባም ይላል

ይህ የሆንዳ ነው። ሆንዳም ይታመማል። በጣት በሚጫን ቁልፍ ማርሽ የሚቀይሩት ሞዴሎች አንድ ትንሽ ሞተርና ማርሹ የት እንዳለ የሚነግር ሴንሰር አላቸው። ዳሽቦርዱ የማርሽ ቁጥር በመጻፍ ፈንታ ሰረዝ እያብለጨለጨ ካሳየ መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። ደካማ ባትሪ ብቻውን ይህን ያመጣል። ከዚያ የዚያን ትንሽ ሞተር ሶኬት አጽዱ። ከዚያ ትንሹን ሞተር ፍቱት፤ ውኃ ገብቶ ካርቦኑ ዝጎ ይገኛል። ጫካ መሃል ከሆናችሁ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ማርሹን በእጅ የሚቀይር መሣሪያ ከመፍቻው ጋር አብሮ አላቸው። ቦታውን ቤት እያላችሁ ተለማመዱት።

ማርሽ ሲቀይር የሚደነቅፍ፣ ወይም ነዳጅ ስትሰጡት ጮሆ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ነው። ዘይቱን ጠይቁ። የሆንዳ ፍሪሲዮን የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ለመኪና የተሠራ፣ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለው ዘይት ሲገባ ይንሸራተታል። ጃሶ ኤምኤ የሚል የተጻፈበት የሞተር ሳይክል ዘይት ያስፈልገዋል። ዘይቱን ቀይራችሁ፣ የፍሪሲዮኑን ማስተካከያ በማኑዋሉ መሠረት አስተካክላችሁ ካልተሻለው፣ ያኔ ሸራው አልቋል። ትላልቅ ጎማ የተገጠመለት ሆንዳ ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል። ፋብሪካው ያላሰበውን ክብደት ነው የሚሸከመው።

ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጎማው ይወዛወዛል

በሁሉም ብራንድ አንድ ነው። የአክሱ ጎሚኒ (የላስቲክ ሽፋኑ) ተቀዶ ግሪሱ ወጥቷል፣ አሸዋ ገብቷል። ድምፅ ሳይጀምር ከደረሳችሁበት ጎሚኒና ግሪስ ብቻ ይበቃል። ከጮኸ አክሱን ቀይሩ። ለመወዛወዙ ጎማውን በክሪክ አንሱና ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ቸርኬው መሃል ላይ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲናውን (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) እዩ።

ይሞቃል

ራዲያተሩ ፊት ለፊት ነው፣ ጭቃውን የሚቀበለውም እሱ ነው። ከውጭ ንጹሕ መስሎ መሃሉ እንደ ጡብ የደረቀ ሊሆን ይችላል። የእጅ ባትሪ ከኋላው አብሩና ከፊት እዩ። ብርሃን ካላለፈ ንፋስም አያልፍም። በከፍተኛ ግፊት ውኃ አትምቱት፣ ክንፎቹ ይተኛሉ። በተራ የአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ቀጥሎ ፋኑ። ጭቃ ከያዘው ይቆማል፣ መከላከያውም (ብሬከሩ) ኤሌክትሪኩን ይቆርጥበታል። በእጅ ሲዞር ቀለል ማለት አለበት፤ ይህን ግን ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲወጣ ብቻ ሞክሩት።

አይነሳም

ባትሪ፣ ባትሪ፣ ባትሪ። ሳይሠራ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ በግምት ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ ባትሪ መግዛት ዋጋ የለውም፤ ቻርጅ የሚያደርገውን እዩ። የበረዶ መጥረጊያና ዊንች ያለው ኤቲቪ በአጭር ጉዞ ያወጣውን አይመልስም፣ ማታ ማታ ቻርጀር ላይ ይደር። ወራት የከረመ ኢታኖል ያለው ቤንዚንም አፍስሱት።

ሰማያዊ ጭስ፣ ጉልበት የለውም

ይህ ምልክት ከሁሉም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ገና በትንሹ መከላከል ይቻል ነበር። አቧራ በአየር ፊልትሮው በኩል አልፎ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን በልቶታል። ዱባይና ሪያድ አሸዋ ላይ የሚነዱ ወገኖቻችንን ይህ በይበልጥ ይመለከታቸዋል። እዚያ ፊልትሮ በየጉዞው መታየት አለበት። የስፖንጅ ፊልትሮ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የፊልትሮ ዘይት ይቀባል። ደረቁን መልሶ ማስገባት ባዶውን እንደ መንዳት ነው። ሲሊንደሩ ከተበላ በኋላ መፍትሄው ሞተሩን ማውረድ ብቻ ነው። ሆንዳም ይሁን ሌላ፣ ከአሸዋ የሚድን ብራንድ የለም።

አሮጌ ልትገዙ የሄዳችሁ ዕለትም ከዚሁ ጀምሩ። ሻጩ ኤቲቪውን አጥቦ፣ ጎማውን አብለጭልጮ ያቆየዋል። እናንተ ወንበሩን አንሱ፣ የፊልትሮውን ሳጥን ክፈቱ፣ ፊልትሮውን አውጡ። ከፊልትሮው አልፎ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጣታችሁን አስገቡና ዙሪያውን ጥረጉት። ጣታችሁ ንጹሕ ወይም ዘይት የነካው ብቻ ሆኖ ከወጣ፣ ዋጋ ተነጋገሩ። አቧራ ይዞ ከወጣ ሳጥኑን መልሳችሁ ዝጉ፣ ሰውየውን አመስግኑ፣ ወደ ሚቀጥለው ሂዱ።