ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት፦ መጀመሪያ እጥበት፣ ከዚያ በረኪና

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፤ ጀርሙ ከሥር ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመቀመጫው ሥር ያለው የፍሳሽ ታንከር ይመጠጥ። ሳይመጠጥ የግፊት ውሃ ከተለቀቀበት ፍሳሹ ጉም ሆኖ ፊት ላይ ይመለሳል። የፊት መከለያ፣ ማስክ፣ ረጅም የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ ሳይደረግ ቱቦ አይነሳም። የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ፣ የመንጋጋ ቆልፍም ክትባት ከማሽኑ በፊት የሚታሰብ ወጪ ነው።

ለግፊት ውሃ ማሽኑ ከ100 እስከ 130 ባር (የግፊት መለኪያ) ይበቃል። ኖዝሉ (ውሃው የሚረጭበት አፍ) ለግድግዳ 40 ዲግሪ የሚበትን፣ ለወለል 25 ይሁን። ዜሮ ዲግሪው ከሳጥኑ አይውጣ፤ ፕላስቲኩን ይቦረቡረዋል፣ የተቦረቦረ ቦታ ደግሞ ቆሻሻ ከያዘ አይለቅም። ኖዝሉ ከግድግዳው 30 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ ሪቬት፣ ማጠፊያና የተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ቀጥታ አይረጭም። እንፋሎትም አይሞከር፤ በሩ አንዴ ከተጣመመ መልሶ አይገጥምም።

ሳሙና ከታች ወደ ላይ ይቀባል፤ ከላይ ከተጀመረ በደረቁ ግድግዳ ላይ ወርዶ መስመር ይተዋል። ሳይደርቅ 5 ደቂቃ ይቆይና ከጣሪያ ወደ ወለል ይለቀለቃል።

ታጥቦም የሚሸት ከሆነ መቀመጫው ሥርና መሽኛው ውስጥ ይታይ። ቢጫ ሆኖ እንደ ኖራ የጠጠረው የሽንት ድንጋይ ነው፤ ግፊት አይነቅለውም። ሲትሪክ አሲድ ተቀብቶ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በብሩሽ ይፈገፈጋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ አሲዱ በብዙ ውሃ ሳይለቀለቅ በረኪና ከነካው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይጥላል። በረኪና ከሽንት ጋርም ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። በሩ ሁሌ ክፍት ይሁን።

5 በመቶ የሆነ በረኪና ለግድግዳ፣ ለእጀታና ለመቀመጫ 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ ይበረዛል፤ ዓይነ ምድር የነካው ቦታ ታጥቦ ሲያበቃ 1 እጅ በ9። የሚረጨው በዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ለ10 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ካልቆየ አልሠራም ማለት ነው። ትናንት የተበረዘ ዛሬ አይታመንም። በመጨረሻ መቀመጫውና ብረቱ ይለቅለቅ፤ በተለይ የበሩ ስፕሪንግ ቶሎ ይዝጋል።

ታንከሩ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሊትር ውሃ ሽታ ከሚያጠፋው ሰማያዊ መድኃኒት ጋር ይገባል። መድኃኒቱ በባክቴሪያ የሚሠራ ከሆነ ታንከሩ ውስጥ የቀረ በረኪና ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ በረኪናው አስቀድሞ ይመጠጥ። የእጥበቱም ውሃ ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል እንጂ ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ አይለቀቅም።