አምስተርዳም ላይ የሆላንዶችን የቤት ምግብ እንዴት አዝዞ መብላት ይቻላል

ከአምስተርዳም የተመለሰ ሰው ስለ አይቡና ስለ ድንች ጥብሱ ያወራል እንጂ ሆላንዶች በክረምት ማታ ቤታቸው ምን እንደሚበሉ እምብዛም አይናገርም። የሚበሉት ከአትክልት ጋር የተደቆሰ ድንች፣ ለሰዓታት እሳት ላይ የቆየ የሥጋ ወጥና ወፍራም የአተር ሾርባ ነው። መልኩ አይማርክም። ከብርድና ከዝናብ ለገባ ሰው ግን ወደር የለውም። ለመቅመስም የግድ ሰው ቤት መጋበዝ አያስፈልግም፤ ቱሪስት በሚርመሰመስበት በላይድሰፕላይን አደባባይ ዙሪያ እንኳ በወጉ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች አሉ። በአበባ ንግድ ለሚመላለሱ፣ ቫኽኒንገን ወይም ዴልፍት ለትምህርት ለሄዱ፣ ወይም ለጉብኝት ብቻ ለሚያልፉ ወገኖች አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ወቅቱን ይመልከቱ

ዋናው ምግብ ስታምፖት ይባላል፤ ድንችና አትክልት አብረው ተቀቅለው ይደቆሳሉ። የቅዝቃዜ ወራት ምግብ ስለሆነ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ቢሄዱ በምርጥ ጊዜው ያገኙታል። ጎመን የሚገባበት ዓይነት በተለይ የሚወደደው ውርጭ ከመጣ በኋላ ነው፤ ውርጭ የነካው ጎመን ይጣፍጣልና። በሐምሌ ሙቀት ስታምፖት ማዘዝ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። በበጋቸው ሰፊውን ፓንኬክ ወይም በሰኔ ወር አዲስ የሚወጣውን ሄሪንግ የተባለ ዓሣ ይምረጡ።

2. ቤቱንና ሰዓቱን ይምረጡ

ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ወደ ላይድሰፕላይን ትራም ይሄዳል፤ ሲሳፈሩም ሲወርዱም የባንክ ካርድዎን ማሽኑ ላይ ማስጠጋት በቂ ነው። በአደባባዩ አካባቢ በር ላይ ቆሞ የሚጠራ አስተናጋጅ፣ ፒሳና ስቴክ ከሆላንድ ምግብ ጋር የተደባለቀበት ረጅም የምግብ ዝርዝር ካዩ ይለፏቸው። አጭር ዝርዝር ያለው ቤት ይሻላል። ላይድሰፕላይን አጠገብ ያለው ዘ ፓንትሪ የሆላንድ ምግብ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ቤት ነው። ሮዘንኽራኽት ጎዳና ላይ ያለው ሙደርስ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ የእናቶች ፎቶግራፍ ነው፤ ምግቡም ከእናት ጓዳ እንደሚወጣው ዓይነት ነው። ሁለቱም በቶሎ ስለሚሞሉ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል።

ሆላንዶች እራት የሚበሉት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ምሳቸው ብዙውን ጊዜ ዳቦ በአይብ ስለሆነ ትኩሱን ምግብ ለማግኘት ማታ ይሂዱ። አምሽተው አይሂዱ እንጂ፤ ብዙ ቤቶች ትእዛዝ መቀበል የሚያቆሙት እንደ አገራችን ዘግይተው አይደለም።

3. ከማዘዝዎ በፊት ስለ አሳማ ሥጋ ይጠይቁ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው፤ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም አብዛኛው አንባቢያችን አሳማ አይበላምና። ስታምፖቱ ላይ የሚጋደመው ሮክቮርስት የተባለው በጢስ የታጠነ ቋሊማ በአብዛኛው የአሳማ ነው። ስኔርት የሚባለው የአተር ሾርባ የሚቀቀለው ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው። ይህ እንኳ በግልጽ ይታያል። የሚያሳስበው የማይታየው ነው፦ ጎመኑ ውስጥ ስፔክ የሚሉት የአሳማ ሥጋ ተከታትፎ ሊደባለቅ ይችላል፤ ቋሊማውን ከላይ ቢያነሱትም ስፔኩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አስተናጋጁን «ዚት ኤር ፋርከንስፍሌስ ኢን?» ብለው ይጠይቁ፤ የአሳማ ሥጋ አለበት ወይ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ቢጠይቁም በደንብ ይረዱዎታል፤ ጥያቄውም የተለመደ ነው።

እኔ ለወገን የምመርጠው ሃሼን ነው። የበሬ ሥጋ ከብዙ ቀይ ሽንኩርት፣ ከኮምጣጤ፣ ከቅርንፉድና ከሎሬል ቅጠል ጋር በዝግታ ይበስላል። ሽንኩርቱ እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት ቀልጦ ሥጋውን ሲያለብሰው፣ በርበሬ ባይኖርበትም እጅ አያሰንፍም። አጠገቡ ከፖም ጋር የተቀቀለ ቀይ ጥቅል ጎመን ይቀርባል፤ ጣፋጭነቱ የኮምጣጤውን ስለት ይሰብረዋል። አንዳንድ ወጥ ሠሪዎች ቢራ ስለሚጨምሩበት አልኮል የማይነካ ሰው እሱንም ይጠይቅ።

ጾም ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ ይከብዳል። ድንቹ ሲደቆስ ወተትና ቅቤ ይገባበታል። ሥጋ የሌለው ስታምፖት ተብሎ የሚቀርበውም ቢሆን ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ይሠራ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

4. ሁትስፖትን አይለፉት

ካሮት፣ ሽንኩርትና ድንች የሚደቆሱበት ስታምፖት ሁትስፖት ይባላል። ታሪኩ ከላይደን ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ በስፔን ጦር ተከብባ ስትራብ ቆይታ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1574 ነፃ ወጣች። በስፔን አገዛዝ ላይ ያመፁት ሆላንዶች ግድቦችን ሰብረው ሜዳውን በውኃ ስላጥለቀለቁት ወራሪው ሸሸ፤ በሸሸበት ሰፈርም ወጥ ያለበት ድስት ተገኘ ይባላል። በዚያ ዘመን ድንች ገና ስላልተለመደ ድስቱ ውስጥ የነበረው ሌላ ሥራ ሥር ነበር። ላይደን ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን ሁትስፖት ይበላል። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ምግብ በአክብሮት ለምን እንደሚበላው ሳይነገረው ይገባዋል።

5. አበላሉ

ስታምፖቱ ሲቀርብ ከክምሩ መሐል በማንኪያ ጀርባ ትንሽ ጉድጓድ ያብጁና የሥጋውን መረቅ ያፍሱበት። ከዚያ ከጠርዙ ወደ መሐል እየበሉ ይግቡ፤ መረቁ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ጉርሻም እርጥበት ያገኛል። ከመጀመሪያው አያደባልቁት። ሰናፍጭ ጠረጴዛው ላይ ካላገኙ ይጠይቁ፤ ቋሊማ ለሚበላ ሰው የግድ ነው፣ ለሌላውም ጣዕም ያነቃል። ሳህኑ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰው አንድ መክሰስ፣ ለምሳሌ ቢተርባለን የተባሉትን የተጠበሱ የሥጋ እንክብሎች፣ ቢካፈል ይበቃል። ውስጣቸው እንደ እሳት ስለሚፋጅ አንዱን ለሁለት ከፍለው ጥቂት ይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከበሬ ወይም ከጥጃ ሥጋ ይሠራሉ፤ ቢሆንም ያው ጥያቄ ይደገም።

6. ሒሳብ

የቧንቧ ውኃ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ቤት በነፃ አይሰጥም። ቀረጥና አገልግሎት ዋጋው ውስጥ ተካቷል፤ በመስተንግዶው ከተደሰቱ ሒሳቡን ሞልቶ መስጠት ወይም ከአምስት እስከ አሥር በመቶ መጨመር ይበቃል። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ቤቶች ስላሉ ከመቀመጥዎ በፊት ካርድዎ እዚያ መሥራቱን ይጠይቁ።