የፊት ሴረሞችንና ክሬሞችን ቆዳን ሳያስቆጡ አጣምሮ መጠቀም እንዴት ይቻላል?

በጅማ ከተማ በፋርማሲ ውስጥ በምሠራባቸው ዓመታት ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ጥቂት ብጉር የወጣባት ወጣት የቫይታሚን ሲ ሴረም፣ ሬቲኖል፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው መታጠቢያና ግላይኮሊክ አሲድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትጀምርና፣ ከአንድ ወር በኋላ ብጉር ወጥቶበት የማያውቀው ጉንጯ ሳይቀር ተልጦና ጠቁሮ ትመለሳለች። ከገዛቻቸው ነገሮች አንዱም በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ጉዳቱ የመጣው ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ፊት ላይ በመዋላቸው ነው። እንደ እኛ ባለው ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ይህ ጉዳት ለጥቂት ቀናት ታይቶ የሚጠፋ አይደለም። ቆዳው በተቆጣ ቁጥር ቀለም ሰጪዎቹ ሕዋሳት ከወትሮው አብዝተው ሜላኒን ስለሚያመርቱ፣ ቁጣው ካለፈ በኋላም ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ከዚህ በታች የማስቀምጠው አካሄድ በሙሉ ቆዳን ሳያስቆጡ ማከም በሚለው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ያለዎትን ሁሉ አውጥተው ያንብቡ

መጀመሪያ ፊትዎን የሚነካውን ነገር በሙሉ፣ ሳሙናውንና ቅባቱን ጨምሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን አንብበው ዋናውን ንጥረ ነገርና መጠኑን በወረቀት ይመዝግቡ። ያው አሲድ በመታጠቢያው፣ በቶነሩና በሴረሙ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም እንደነበረ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት፣ ከተለያዩ ክሬሞች ተቀላቅሎ በትንሽ ዕቃ የሚሸጥና «ፊት ያቀላል» የሚባል ቅባት ካገኙ ግን ወደሚቀጥለው እርምጃ አይለፉ። እንዲህ ባሉ ቅባቶች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች፣ መጠኑ ያልታወቀ ሃይድሮኪኖን (ቆዳን የሚያቀላ መድኃኒት)፣ አንዳንዴም ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ፊትን ለጥቂት ሳምንታት ያጠራ ይመስልና ቆዳውን እያሳሳ፣ ደም ሥሮችን እያጎላና ራሱ ብጉር እያወጣ ይሄዳል፤ ለወራት ሲቀቡት ቆይተው በድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ክፉኛ ሊያብጥና ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ይዘው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ ቀስ በቀስ እየቀነሱ እንዴት እንደሚያቆሙት ሐኪሙ ይንገርዎት።

ሎሚንም ከዝርዝሩ ያውጡ። የሎሚ ጭማቂ ከፍተኛ አሲድነት ያለው ከመሆኑም በላይ፣ ተቀብተውት ፀሐይ ላይ ሲወጡ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያጠቁር ነገር በውስጡ አለ። በቡና አገር ስለምንኖር ፊትን በቡና ዝቃጭ ማሸትም የተለመደ ነው፤ ሬቲኖይድ (እንደ ሬቲኖል፣ አዳፓሊንና ትሬቲኖይን ያሉ የቫይታሚን ኤ ዘመዶች) ወይም አሲድ የሚጠቀም ሰው ግን ፊቱን በምንም ሻካራ ነገር ማሸት የለበትም።

ለሁለት ሳምንት ቆዳውን ያሳርፉ

አዲስ ነገር ከመጀመርዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጠቀሙ፤ እነሱም ለስላሳ መታጠቢያ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ክሬምና የፀሐይ መከላከያ ናቸው። ጤናማ ቆዳ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) 5 አካባቢ የሆነ መጠነኛ አሲድነት ሲኖረው፣ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። በሳሙና የደረቀና የተሸበሸበ ፊት ላይ የሚቀባ ማንኛውም መድኃኒት ይለበልባል፤ ጥፋቱ የሳሙናው ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው መድኃኒቱ ነው።

አንዱን ብቻ ይጀምሩ

ዋናው ችግርዎ ብጉር ከሆነ አዳፓሊን 0.1 በመቶ ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። 10 በመቶ የሆነው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በብዙ ሰው ላይ የሚጨምረው ውጤቱን ሳይሆን ድርቀቱን ነው። ይህ መድኃኒት ጨርቅ እንደሚያነጣም አይርሱ፤ ባለቀለም ሒጃብ፣ ሻሽ ወይም የትራስ ልብስ ፊትዎን የሚነካ ከሆነ መድኃኒቱ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ለመኝታም ነጭ የትራስ ልብስ ያንጥፉ። ብጉሩ አልፎ ጥቁር ነጥቡ ብቻ ከቀረ ወይም ማድያት ካለብዎ አዜላይክ አሲድ ወይም ኒያሲናማይድ የዋህ ጅማሬ ይሆናል። በተለይ አዜላይክ አሲድ ብጉርንም ጥቁር ምልክትንም ስለሚይዝ፣ አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ሰው ብዙ ጊዜ የምመርጠው እሱን ነው።

የመረጡትን በመጀመሪያ ከጆሮዎ በስተኋላ ወይም በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል በትንሹ ለሦስት ተከታታይ ምሽቶች ይሞክሩት። ካላሳከከና ካላቃጠለ በሳምንት ሁለት ምሽት ፊትዎ ላይ ይጀምሩ፤ ለሁለት ሳምንት ያለ ችግር ካለፈ አንድ ቀን እየዘለሉ ይቀቡ። ሬቲኖይድ ከሆነ ለሙሉ ፊት የሚበቃው የአተር ፍሬ የምታክል መጠን ናት፤ ከዚያ በላይ ማብዛት ቶሎ አያድንም። ፊትዎ ከታጠበ በኋላ በደንብ ይድረቅ፤ ቆዳዎ በቀላሉ የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ማለስለሻውን፣ ቀጥሎ ሬቲኖይዱን፣ በላዩ እንደገና ማለስለሻውን ይቀቡ። የዓይንን ዙሪያ፣ የአፍንጫን ጥግና የከንፈርን ዳር ይለፏቸው። ሁለተኛ መድኃኒት የሚጨመረው ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ጀምረው ፊትዎ ቢቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው ማወቅ አይችሉም።

ጠዋትና ማታን ያከፋፍሉ

ሬቲኖይድ የማታ ነው። ሬቲኖልና ትሬቲኖይን በብርሃን ይበላሻሉ፤ ቆዳውንም በጀመሩበት ሰሞን ለፀሐይ ያጋልጡታል። ቫይታሚን ሲ ግን የጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ ፀሐይ ከምታደርሰው ጉዳት የተወሰነውን ስለሚቀንስ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሆኖ ያግዘዋል። ኒያሲናማይድ ከሁሉም ጋር የሚስማማ በመሆኑ በፈለጉት ሰዓት መግባት ይችላል። ከቫይታሚን ሲ ጋር አይገናኝም የሚለው የቆየ ፍርሃትም ዛሬ በምንጠቀምባቸው ቅባቶች ላይ የሚያሠጋ አይደለም።

በአንድ ሰዓት መገናኘት የሌለባቸው ግን አሉ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ትሬቲኖይንንና ቫይታሚን ሲን ኦክሲጅን እየሰጠ ያበላሻቸዋል፤ ስለዚህ ሌላኛው በሌለበት ሰዓት ይቀባል። አዳፓሊን በዚህ ይለያል፤ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር በአንድ ቱቦ ተዘጋጅቶ እስከመሸጥ ድረስ ይስማማል። ግላይኮሊክ፣ ላክቲክና ሳሊሲሊክ አሲዶች ደግሞ ሬቲኖይድ በተቀባበት ምሽት መቀባት የለባቸውም። እዚህ ላይ መድኃኒቱ አይበላሽም፤ የሚጎዳው የቆዳው የላይኛው ሽፋን ነው።

ሁሉንም የለመደ ቆዳ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ ማታ አዳፓሊን፣ ቅዳሜ ማታ ላክቲክ አሲድ፣ በቀሩት ምሽቶች ማለስለሻ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ማለስለሻ ብቻ የሚቀባባቸው ምሽቶች ባዶ ሆነው ይታዩና ብዙ ሰው ሊሞላቸው ይቸኩላል፤ ቆዳው የሚጠገነው ግን በእነሱ ስለሆነ እባክዎ አይንኳቸው።

ደመናው አያታልልዎት

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በክረምት ዝናቡ ሲደጋገም ፀሐይ የለችም ብለን መከላከያውን እንተወዋለን፤ ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ስለዚህ በሰኔም ሆነ በጥር፣ ቢያንስ ኤስፒኤፍ (ፀሐይን የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 የሆነ መከላከያ በየጠዋቱ ከሁሉም በላይ ይቀባል። መጠኑ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት ሁለት መስመር ተደርጎ ለፊትና ለአንገት የሚበቃ ነው፤ ደጅ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደግመዋል። ማድያት ላለበት ሰው አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለም መከላከያ የተሻለ ነው፤ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ስለሚቀንስ ጠቃሚ ከመሆኑም በላይ በጠይም ፊት ላይ አመዳም ሆኖ አይታይም። በቡና ለቀማ ሰሞን ወደ አጋሮ ወይም ወደ ጎማ የሚወጡ ሰዎች፣ በተለይ የቡና መስጫው ላይ የሚውሉት፣ ክሬሙ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ይጨምሩ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላው 10 ሰዓት ድረስም በተቻለ መጠን ጥላ ይፈልጉ። መከላከያ መግዛት ያልቻለ ሰው አሲድና ሬቲኖይድ ባይጀምር ይሻለዋል።

መቃጠል ሲጀምር

ቫይታሚን ሲ ወይም አሲድ ሲቀባ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትንሽ መቆንጠጥ ያጋጥማል። ውኃ ወይም ተራ ማለስለሻ ሲነካው የሚያቃጥል፣ የሚጨመደድ፣ የሚያብረቀርቅ ወይም በጠይምነቱ ላይ ጠቆር የሚል ፊት ግን ሽፋኑ ተጎድቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም አቁመው ወደ ሦስቱ መነሻ ነገሮች ይመለሱ፤ ማቃጠሉ ሙሉ በሙሉ ከቀረ ከአንድ ሳምንት በኋላ አንዱን ብቻ፣ በሳምንት አንድ ምሽት፣ እንደገና ይሞክሩ። ፊት ካበጠ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ዓይን ከተነካ ሳይውሉ ሳያድሩ ሕክምና ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሬቲኖይዶችን በሙሉ፣ ሃይድሮኪኖንንም መተው አለባት። በእነሱ ፋንታ አዜላይክ አሲድን ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ልትጠቀም ትችላለች።

ቫይታሚን ሲን ከብርሃን አርቀው በደንብ ከድነው ያስቀምጡት፤ መልኩ እንደ ሻይ ሲጠቁር ኃይሉን ስላጣ ይጣል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድንም ከሙቀት ያርቁት።

ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይስጡት። በየአራት ሳምንቱ፣ በዚያው መስኮት አጠገብና በዚያው ሰዓት፣ ፊትዎን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አይለየውም። በ12ኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ሲያስተያዩት ለውጥ ከሌለ አዲስ ሴረም አይግዙ፤ ፎቶዎቹንና መጀመሪያ የመዘገቡበትን ወረቀት ይዘው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ።