ቦጆሌ፦ ቀለል ያለውን ቀይ ወይን የሚያበላሹ ስህተቶች

በፈረንሳይ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን እስከ ማኮን ድረስ ኮረብታ በኮረብታ የሆነ አካባቢ አለ። ቦጆሌ ይባላል። ቀዩ ወይኑ ጋሜ ከሚባል ዝርያ ይጠመቃል፤ ቀለሙ ብሩህ፣ አፍ ላይ ለስላሳ ነው። ይህን ወይን እወደዋለሁ። ሰዎች አንዴ ቀምሰው «ውሃ ነው» ብለው ሲተዉት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአያያዛችን እንጂ የወይኑ አይደለም።

ዋናው ስህተት ሞቅ አድርጎ መቅዳት ነው። «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» ሲባል ሰምተን ስላደግን ጠርሙሱን ሳሎን እናስቀምጠዋለን። ያ ምክር የወጣው ግን ማሞቂያ ባልነበረበት በድንጋይ ቤት ዘመን ነው። የዛሬ አፓርታማ በክረምትም 22 እና 23 ዲግሪ ይሞቃል፤ ቦጆሌ የሚፈልገው ከ12 እስከ 14 ነው። ባለፈው ገና ለዶሮ ወጥ ብዬ የገዛሁትን ፍለሪ የሚባል የቦጆሌ ወይን ከማሞቂያው አጠገብ ካለው መደርደሪያ አንስቼ ቀዳሁት። ከብርጭቆው የወጣው ሽታ አልኮል ብቻ ነበር። ጠርሙሱን በረዶና ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አቆየሁት። ሁለተኛው ብርጭቆ እንጆሪና ቼሪ ይሸት ነበር፤ ሌላ ጠርሙስ የተከፈተ ነው የመሰለን። በረዶ ከሌለ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ግድም ይበቃዋል።

ሁለተኛው ቦጆሌን ሁሉ «ኑቮ» አድርጎ ማየት ነው። ኑቮ በዚያው ዓመት ተለቅሞ፣ ተጠምቆ፣ በኅዳር ወር ለገበያ የሚቀርብ ትኩስ ወይን ነው። በፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ የሚወጣው በኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ ነው። ለደስታ ቀን የተሠራ ስለሆነ ለሚቀጥለው ዓመት አይቀመጥም። ነገር ግን በእርሱ ብቻ አካባቢውን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከላይ በሰሜኑ ኮረብታዎች ስማቸው ብቻውን የሚሸጥ 10 ቦታዎች አሉ፦ ሴንታሙር፣ ዡሊየና፣ ሼና፣ ሙላን አ ቫን፣ ፍለሪ፣ ሺሩብል፣ ሞርጎን፣ ሬኒዬ፣ ብሩዪ እና ኮት ደ ብሩዪ። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የቦታው ስም ነው። «ቦጆሌ» የሚለው ቃል ጨርሶ ላይኖር ስለሚችል ሱቅ ውስጥ ቃሉን የሚፈልግ ሰው ምርጦቹን አልፏቸው ይሄዳል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ቀላልነቱን እንደ ድክመት መቁጠር ነው። ይህ አሮጌ ንቀት ነው፤ በፈረንጆቹ 1395 ከቦጆሌ በስተሰሜን ያለው የቡርጎኝ ግዛት መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ ጋሜን «ከሃዲ ተክል» ብሎ ከግዛቱ እንዲነቀል አዝዞ ነበር። ጋሜ ግን በደቡብ፣ በቦጆሌ ግራናይት ላይ ቤቱን አገኘ። ሞርጎን ውስጥ ኮት ዱ ፒ የሚባለውን ኮረብታ ብትወጡ ድንጋዩ በእጅ ሲጨብጡት ይፈረካከሳል፤ የአገሩ ሰዎች «የበሰበሰ ድንጋይ» ይሉታል። ያረጁት የወይን ግንዶች ያለ ሽቦ፣ በአጭሩ፣ እንደ ጽዋ ተከፍተው ቆመዋል። ለቃሚው ወገቡን አጉብጦ በእጁ ይቆርጣል፤ ዘለላው ሳይፈለፈልና ሳይፈነዳ ጋኑ መድረስ አለበትና።

ጋኑ ውስጥ ከታች ያለው ፍሬ በላዩ ባለው ክብደት ይፈነዳና ጭማቂው መፍላት ይጀምራል። ከፍላቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋኑን ይሞላዋል። ከላይ ያለው ፍሬ ኦክስጅን ሲያጣ ሳይፈነዳ በገዛ ልጣጩ ውስጥ መፍላት ይይዛል። የፍሬው መዓዛ እንዲህ ጎልቶ ይወጣል፤ እንደ ወፍራም ሻይ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ግን ብዙም አይወጣም። ታዲያ ቀላልነቱ ታስቦበትና ተደክሞበት የመጣ ነው።

ለእኛ ገበታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ላይ ታኒኑና አልኮሉ የከበደ ቀይ ወይን ስንጠጣ ቃጠሎው ይብሳል። «ወይን ከሐበሻ ምግብ ጋር አይሄድም» የሚባለውም እንዲህ ያለ ወይን ከተመረጠ በኋላ ይመስለኛል። ቀዝቀዝ ያለ ብሩዪ ግን የዶሮ ወጡን ሽንኩርትና ቅቤ ሳይጋፋ አፍ ያርሳል። ለጥብስ ጠንከር ያለውን ሙላን አ ቫን እመርጣለሁ። እባካችሁ ከለስላሳ ጋር አትደባልቁት፤ ስኳሩ ያን ሁሉ መዓዛ ይሸፍነዋል።

የተከፈተውን ውጭ አታሳድሩት፤ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና በሁለት ቀን ጨርሱት።

በተቃራኒው ደግሞ ሁሉንም ቶሎ መጠጣት አለ። ጥሩ ዓመት የሰጠ የኮት ዱ ፒ ሞርጎን ወይም ሙላን አ ቫን 10 ዓመት ቢተኛ ይበልጥ ያምርበታል። ሞርጎኖች ለዚህ ከመንደራቸው ስም የወጣ ግስ አላቸው፤ ወይኑ ቆይቶ ሲበስል «ሞርጎነ» ይላሉ። ሁለት ጠርሙስ ከገዛችሁ አንዱን ዘንድሮ ጠጡ፣ ሌላውን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አጋድሙት።