የድሮ ግድያ በቤተ መጻሕፍት፦ የደራሲ ውይይት እንዴት ይሰናዳል?

ጎንደር ውስጥ ስለ ግድያ የሚያወራ ደራሲ ለመጋበዝ ጉዳይ አይጠፋም። አንዱን ብቻ ልውሰድ። የጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት አድያም ሰገድ ኢያሱ በጥቅምት 1699 ዓ.ም ጣና ላይ በአንድ ደሴት ተገደሉ። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት አባታቸው በሕይወት እያሉ ነግሠው ነበር። ከአባታቸው ሞት ሁለት ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም ተወግተው ሞቱ። ቀጥሎ የነገሡት የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ በወንድማቸው ገዳዮች ላይ አስፈረዱ፤ የተክለ ሃይማኖት እናት መለኮታዊትም ተሰቀሉ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይህ ይበቃል።

መጀመሪያ መጽሐፉን ራሳችሁ አንብቡ። ይህን የምለው አፍሬበት ነው። አንድ ጊዜ እንግዳውን ሳስተዋውቅ ኢያሱን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ አደረግኋቸው። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ ሌላው ኢያሱ ነው» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ላቤ ወረደ።

ከዚያ ደራሲውን ፒያሳ ማኪያቶ ጋብዙት። ዋናው ሥራ የሚያልቀው እዚያ ነው። መጽሐፉን ከፍታችሁ በየገጹ «ይህን ማን አለ? መቼ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዜና መዋዕል፣ ማለትም የነገሥታቱ የታሪክ መዝገብ፣ የሚጻፈው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሲጻፍ ዙፋኑ ላይ ማን ነበር? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1762 ዓ.ም ነው፤ ግድያው ከተፈጸመ 60 ዓመት ካለፈ በኋላ። ስለ ኢያሱ አሟሟት የጻፈው እንግዲህ የሰማውን እንጂ ያየውን አይደለም። ሽማግሌዎች የሚያወሩት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ደራሲው መድረክ ላይ ሦስቱን እየለየ እንዲናገር ከአሁኑ ተስማሙ። «ይባላል» እና «ተጽፏል» ተደበላልቀው ከወጡ ሰው ወሬ ሰምቶ ይሄዳል።

ማስታወቂያው ላይ ደም የሚንጠባጠብበት ጩቤ አትሳሉ፤ ይደብራል። ፍርድም አትስጡ። ልጁን ሕዝቡ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ድሮ ጨርሷቸዋል። እናንተም «አባቱን ያስገደለው ንጉሥ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ ሰው ምን ሊሰማ ይመጣል? «አፄ ኢያሱን ማን አስገደላቸው?» በቂ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ተዉት። እሑድ 9 ሰዓት ጥሩ ነው። የጥምቀት ሰሞን ጨርሶ አይሞከርም።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ፕሮጀክተር ይኑር፣ ግን ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ካርታ ሳሉ፦ ከላይ ጎንደር፣ ከታች ጣና፣ ኢያሱ የተቀበሩበት የምጥራሃ ደሴት በቀይ። እኛ ጋ መብራቱ ሲሄድ ደራሲው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰደው። ሰው ወንበሩን እየጎተተ ተከተለው። ከስላይዱ ይልቅ ያ ወረቀት ነው የሠራልን።

ንግግሩ ከ40 ደቂቃ አይለፍ። ደራሲው ከግድያው ባይጀምር እመርጣለሁ። ኢያሱ የሚወዷት ዕቁባታቸው ቅድስተ ክርስቶስ ሞተችባቸው፤ ንጉሡ አዝነው ወደ ጣና ገቡ፤ በዚህ መሃል እዚህ ልጃቸው ነገሡ። ይህ ቀድሞ ከተነገረ አድማጭ ገዳዩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም መፈለግ ይጀምራል።

ጥያቄና መልሱ ላይ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ የሚነሳ ሰው አይጠፋም። ሩብ ሰዓት ይወስድባችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በር ላይ ብጣሽ ወረቀት አድሉ፣ ጥያቄው ተጽፎ ይምጣ፣ አስተናባሪው ያንብበው። ለትልልቆቹ ግን ማይኩን ስጡ። ጎንደር ውስጥ ሽማግሌን በወረቀት ጠይቅ ማለት ነውር ነው፤ ደግሞም ያልተጻፈውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቡናው ከጥያቄው በኋላ ይሁን። ቀድሞ ከቀረበ የስኒው ድምፅ ደራሲውን ይበልጠዋል።

ለሚፈልጉ በማግስቱ ፋሲል ግቢ ውስጥ ጣሪያ አልባው የኢያሱ ቤተ መንግሥት ድረስ አብራችሁ ሂዱ። ትኬቱ ለየራስ መሆኑን ግን በዋዜማው ተናገሩ፤ አለዚያ ሁሉም በር ላይ ቆሞ የእናንተን ኪስ ነው የሚያየው።